አሮጌው ትራንስፎርመርና የጠጋኙ ኃላፊነት

የሰው እጅ የሠራው አንድ ዕቃ አገልግሎቱን ጨረሰ የሚባለው መቼ ነው? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የቃላት ጨዋታ ይመስላል። ሆኖም በአዲስ አበባ፣ በመርካቶው ምናለሽ ተራ፣ ይኸው ጥያቄ በየቀኑ በመዶሻና በካቻቢቴ መልስ ይሰጠዋል። ቁራሌው ከየሰፈሩ ለቅሞ ያመጣው አሮጌ አምፕሊፋየር እዚያ ሲደርስ ሁለት ዓይነት ገዢዎች ይጠብቁታል። አንደኛው በሚዛን የሚገዛ ነው። ለእርሱ መዳብ መዳብ ነው፤ ብረትም ብረት ነው። ሁለተኛው ክዳኑን አንሥቶ ወደ ውስጥ ይመለከታል፤ ዓይኑም አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በሣጥኑ አንድ ጥግ በተቀመጠው ከባድ ነገር፣ በትራንስፎርመሩ ላይ ነው። ከዚያ ትራንስፎርመር ቀጥተኛ ጅረት የሚሰጥ የኃይል ምንጭ፣ በባለሙያዎቹ አነጋገር «ፓወር ሰፕላይ»፣ ሊሠራ ያስባል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር የተነሣነው ይህ ሁለተኛው ሰው ከዕቃው ጋር አብሮ የሚረከበው ግዴታ ምን እንደሆነ ነው።

አስቀድሞ ስለ ዕቃው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ትራንስፎርመር በአንድ የብረት አካል ላይ የተጠመጠሙ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ የመዳብ ጥምጥሞች ናቸው። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት ጥምጥሞች አድርጎ፣ በአንደኛው የሚያልፈው ጅረት ሲለወጥ በሌላኛው ጅረት እንደሚቀሰቀስ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1885 ደግሞ በቡዳፔስት በሚገኘው የጋንዝ ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩ ሦስት መሐንዲሶች፣ ዚፐርኖቭስኪ፣ ብላቲና ዴሪ፣ ለሰፊ አገልግሎት የሚበቃውን ዓይነት ሠሩ። ከዚያ ወዲህ የአሠራሩ መሠረት አልተለወጠም። የሚንቀሳቀስ ክፍል ስለሌለው በመፋተግ አያልቅም። አምፕሊፋየር ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ የሚሞቱት ኮንደንሰሮቹ ናቸው፤ በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ይደርቃል። ወይም ትራንዚስተሮቹ ይቃጠላሉ፤ ወይም ማብሪያ ማጥፊያው ይዝጋል። ትራንስፎርመሩ ግን በሞተው ቤት ውስጥ በሕይወት ይገኛል። የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ በአምፕሊፋየሩ ሬሳ ላይ እጅ የሚበዛውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አርስጣጣሊስ ስለ ተፈጥሮ በጻፈው ድርሳኑ የአንቲፎንን ክርክር ያነሣል። የእንጨት አልጋ መሬት ውስጥ ቢቀበርና ከብስባሹ ቡቃያ ቢወጣ፣ የሚበቅለው እንጨት እንጂ አልጋ አይሆንም። ስለዚህ ለአንቲፎን የነገሩ እውነተኛ ባሕርይ ቁሱ ነው፤ አልጋነቱ ሰው የጫነበት ነው። በሚዛን የሚገዛው ነጋዴ ሳያውቀው የአንቲፎን ደቀ መዝሙር ነው ማለት እንችላለን። አርስጣጣሊስ በበኩሉ በዚህ አልረካም፤ የነገሩ ባሕርይ ለመባል ከቁሱ ይልቅ ቅርጹ ይበልጥ የተገባ ነው ብሎ ያምናል። የእኛ ትራንስፎርመር ሁለቱንም ያስቸግራቸዋል። ከአምፕሊፋየሩ ሲወጣ ወደ ተራ መዳብነት አልተመለሰም፤ የአምፕሊፋየር ክፍል መሆኑም ቀርቷል። የተሠራ፣ ነገር ግን ሥራ ያጣ ነገር ነው።

ካርል ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1867 ባሳተመው «ካፒታል» የመጀመሪያ ቅጽ፣ ያለፉ ሠራተኞች ድካም በመሣሪያና በጥሬ ዕቃ ውስጥ ተኝቶ እንደሚኖርና የሕያው ሠራተኛ እጅ ካልቀሰቀሰው ከንቱ ሆኖ እንደሚቀር ያስረዳል። ይህ ለጉዳያችን የሚስማማ አስተያየት ነው። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልንጨምርበት ይገባል። በጥምጥሙ ውስጥ ከድካሙ ጋር አብሮ የተኛ ውሳኔም አለ። ያን ትራንስፎርመር የነደፈው ሰው ሽቦው ምን ያህል እንዲወፍር፣ ስንት ጊዜ እንዲዞር፣ ምን ያህል ሙቀት እንዲችል ሲወስን በዓይኑ ፊት አንድ የታወቀ ሥራ ነበረ። ሥራው ሙዚቃ ነበር።

ሙዚቃ ደግሞ ዕረፍት ያለበት ሥራ ነው። ከበሮው ሲመታ ከፍተኛ ኃይል ይጠየቃል፤ በምትና በምት መካከል ግን ይረግባል። ዘፋኙ ትንፋሽ ይወስዳል፤ መሣሪያው ለአፍታ ዝም ይላል። በመሆኑም አንድ አምፕሊፋየር በአማካይ የሚያወጣው ኃይል ከፍተኛው ነው ተብሎ ከሚነገርለት እጅግ ያነሰ ነው። ነዳፊዎች ይህን ስለሚያውቁ ትራንስፎርመሩን በዚሁ መጠን ያሳንሱታል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው ደንብ፣ ኩባንያዎች የሚያስታውቁትን ኃይል ከመለካታቸው በፊት አምፕሊፋየሩን በሲሶው ኃይል ለአንድ ሰዓት ያህል እንዲያሠሩት አዝዞ ነበር። ይህ ለአያሌ መሣሪያዎች ከባድ ፈተና ሆነ፤ በተለመደው አጠቃቀም እንዲህ ያለ ሙቀት አይደርስባቸውምና። ኮሚሽኑም እ.ኤ.አ. በ2000 መጠኑን ወደ አንድ ስምንተኛ ዝቅ አደረገው።

ይህ ዝርዝር ለቴክኒክ ሰዎች ብቻ የሚነገር ሊመስል ይችላል። ለኪነት ሰው ግን ልብ የሚነካ ነገር አለበት፤ በእነዚያ ጥምጥሞች ውስጥ የዜማው ዝምታ ተሰልቶ ገብቷል። ከሽቦው ውፍረት ላይ የተቆጠበው መዳብ የዘፋኙ ትንፋሽ ነው። አሁን ይህንኑ ትራንስፎርመር ሌሊቱን ሙሉ ባትሪ እንዲሞላ ወይም ቀኑን ሙሉ አንድ ሞተር እንዲያሽከረክር ብናደርገው ዕረፍት የማያውቅ ጌታ ሰጠነው ማለት ነው። «200 ዋት» የሚል ጽሑፍ ካለበት ሣጥን ስለወጣ ብቻ ያለማቋረጥ 200 ዋት ይሰጣል ብሎ መገመት፣ አንድ ሯጭ መቶ ሜትር በሮጠበት ፍጥነት ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ይደርሳል ብሎ እንደ መገመት ነው።

የቀጥተኛው ጅረት ጠባይ ደግሞ በዚህ ላይ ሌላ ሸክም ይጨምራል። ከመሃለኛው ሽቦ ግራና ቀኝ 35 35 ቮልት የሚሰጥ ትራንስፎርመር እንውሰድ፤ በስቴሪዮ አምፕሊፋየሮች ውስጥ ይህን የመሰለ ይገኛል። ተለዋዋጩ ጅረት በዳዮዶች ተቃንቶ ኮንደንሰር ሲሞላ፣ ኮንደንሰሩ የሚሞላው እስከ ሞገዱ ጫፍ ነው፤ ጫፉም የተለካው ቮልት በ1.41 ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ዳዮዱ የሚያስቀረው ሲቀነስ ከእያንዳንዱ ጎን ወደ 49 ቮልት ይሆናል። ኮንደንሰሩ ባለ 10,000 ማይክሮፋራድ ቢሆንና 2 አምፔር ቢሳብበት፣ በ50 ኸርዝ መስመር ላይ ቮልቱ እስከ 2 ቮልት ከፍ ዝቅ ይላል። እስከዚህ ድረስ ችግር የለም። ነገር ግን ኮንደንሰሩ የሚሞላው ሞገዱ ጫፉ ላይ በሚደርስባት አጭር ጊዜ ብቻ በመሆኑ ጅረቱ በጥምጥሙ ውስጥ የሚያልፈው እንደ ምት እየዘለለ ነው፤ ሽቦውንም ከሒሳቡ በላይ ያግለዋል። ስለዚህ 5 አምፔር ተለዋዋጭ ጅረት ከሚችል ጥምጥም ወደ 3 አምፔር ያህል ቀጥተኛ ጅረት ቢጠበቅ ነው ጤነኛው። ይህን የማያውቅ ጠጋኝ ምንም ክፋት ሳያስብ አንዱን አምፔር እንደ ሁለት ይሸጠዋል።

«በነጻ የተገኘ ነው» የሚለውም አነጋገር መመርመር አለበት። ያንን 49 ቮልት ለአንድ የመገናኛ ሬዲዮ ወደሚያስፈልገው 13.8 ቮልት በተለመደው የትራንዚስተር መቆጣጠሪያ ብናወርደውና 3 አምፔር ብንስብ፣ ከመቶ ዋት በላይ ሙቀት ሆኖ ይባክናል፤ ለሥራ የሚውለው 41 ዋት ብቻ ነው። ጠጋኙ ትራንስፎርመሩን በርካሽ አገኘ፤ ገዢው ግን በየወሩ በመብራት ሒሳቡ ይከፍለዋል። ዕቃን ከመጣል ማዳን በራሱ ቁጠባ ነው ብለው የሚያምኑ ሰዎች ይህን ሒሳብ እምብዛም አያነሡትም። ለሚፈለገው ቮልት የሚቀርብ ጥምጥም ያለው ትራንስፎርመር እስኪገኝ መታገሥ ከዚህ ሁሉ ይሻላል።

ሀገርን ለውጦ የመጣ ዕቃም የራሱ ጣጣ አለው። ከአሜሪካ የመጣ አምፕሊፋየር ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው፤ የእኛ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ቮልቱን የሚመርጥ ማዞሪያ ካለው ነገሩ ይቀላል። ለ120 ቮልት ብቻ የተጠመጠመ ከሆነ ግን ቮልት መቀነሻ ቢደረግለት እንኳ የኸርዙ ልዩነት አይቀርም። በብረቱ ውስጥ የሚመላለሰው መግነጢሳዊ ፍሰት በአንድ አምስተኛ ይጨምራል፤ ብረቱም ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ሊሆንበት ይችላል። ያጉረመርማል፤ ምንም ሳይሳብበት ይግላል። ነዳፊው በሀገሩ መስመር ተማምኖ የቆጠበው ብረት እዚህ ዕዳ ሆኖ ይመጣል።

የሥነ ምግባሩ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ግን በአንዲት ትንሽ ነገር ላይ ነው። በአያሌ ትራንስፎርመሮች ውስጥ፣ ከመስመሩ ጋር በሚያያዘው ጥምጥም ላይ፣ ከመጠቅለያው ሥር የተደበቀች የሙቀት ፊውዝ አለች። ጥምጥሙ ከልክ በላይ ሲግል፣ ብዙ ጊዜ 130 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ ሲደርስ፣ ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ ቀልጣ መስመሩን ትቆርጣለች። ከዚያ በኋላ በቴስተር ሲለካ ጥምጥሙ የተበጠሰ ይመስላል። ልምድ ያለው ጠጋኝ ግን ያውቃታል፤ መጠቅለያውን በምላጭ ከፍቶ ያገኛታል። በዚህ ጊዜ ሦስት መንገዶች በፊቱ አሉ። ትራንስፎርመሩን ለሚዛን መስጠት ይችላል። የፊውዟን አምሳያ ፈልጎ መተካትም ይችላል። ወይም ሁለቱን ጫፎች በቁራጭ ሽቦ አገናኝቶ፣ በቴፕ ሸፍኖ፣ ዝም ማለት ይችላል። ሦስተኛው አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ወጪ የለውም፤ ዕቃውም ወዲያው ሥራ ይጀምራል። ገዢው በዓይኑ ሊያየው የሚችለው ልዩነት አንዳች እንኳ የለም።

ሦስተኛውን መንገድ የመረጠው ጠጋኝ ሐሰት አልተናገረም። ማንም የጠየቀው የለም፤ ዕቃውም ይሠራል። ታዲያ የበደለው ምንድን ነው? በእኛ አስተያየት የበደለው ከሩቅ ሀገር የመጣ አንድ ቃል አፍርሶ በስፍራው ሌላ ቃል ሳይተካ መቅረቱ ነው። ነዳፊው ፊውዟን ሲያስገባ ከማያውቀው ሰው ጋር ውል ገብቷል፤ «ተኝተህ ሳለ ይህ ዕቃ ቢነድድ እኔ እቆርጠዋለሁ» ብሎታል። በፋብሪካው ሣጥን ጀርባ ላይ የተለጠፈው፣ ቮልቱንና ዋቱን የሚናገረው ሰሌዳም እንዲሁ ቃል ነበር። አምፕሊፋየሩ ሲፈርስ ሰሌዳው ከቆርቆሮው ጋር ወደ ሚዛን ይሄዳል፤ ትራንስፎርመሩ ግን ለብቻው፣ ያለ ስምና ያለ ምስክር፣ በጠጋኙ እጅ ይቀራል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ፋብሪካው ኃላፊ አይደለም፤ ሊሆንም አይችልም። ሠሪው ጠጋኙ ሆኗል። ብዙዎቹ የዚህ ሙያ ሰዎች ራሳቸውን እንደ ሠሪ አይቆጥሩም፤ «እኔ የነበረውን ነው ያስነሣሁት» ይላሉ። ትሕትና የሚመስለው ይህ አነጋገር ከኃላፊነት መሸሻ ሊሆን እንደሚችል መታወቅ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። በአንድ የገጠር ከተማ ያለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ ቤተ ሙከራው ባዶ ነው እንበል። አዲስ የኃይል ምንጭ ለመግዛት ገንዘብ የለም። ከአሮጌ አምፕሊፋየር የተሠራ አንድ ሣጥን ቢሰጠው ሃምሳ ተማሪዎች የኦምን ሕግ በእጃቸው ይፈትናሉ። ስለ ደረጃና ስለ ፍተሻ የሚያወራው ሰው ለእነዚህ ልጆች ምን ሰጣቸው? ዕቃው ጎደሎ ቢሆንም ከምንም ይሻላል።

ይህ ተቃውሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ደረጃ የሚለው ቃል አዲስ ዕቃ ለሚሸጡ ሰዎች መሣሪያ ሆኖ ማገልገሉም ሐቅ ነው። በገበያ ላይ ከሚገኙት ርካሽ አዳዲስ ቻርጀሮችና አዳፕተሮች መካከል በላያቸው የተጻፈውን አምፔር ከቶ የማይሰጡ አሉ፤ በሚያውቅ ሰው ተለክቶ የተሠራ አሮጌ ትራንስፎርመር ከእነዚህ እጅግ ይበልጣል። ነገር ግን «ከምንም ይሻላል» የሚለውን ቃል የሚናገረው ማን እንደሆነ ልብ እንበል። ሰጪው ነው። በሣጥኑ ላይ እጁን የሚያሳርፈው ተማሪ አልተጠየቀም። የብረት ሣጥኑ የመሬት ሽቦ ከሌለው፣ የ220 ቮልቱ ጥምጥም መከለያ ከተላጠ፣ ልጁ የሚያገኘው ከምንም የከፋ ነገር ነው። ሰው ለራሱ ጠረጴዛ የሚሠራውን ዕቃ በድፍረት ሊሞክረው ይችላል፤ አደጋውን ያውቀዋል፣ ፈቅዶም ገብቶበታል። ለሌላ ሲሰጥ ግን ድፍረቱ ይቀርና ዕውቀቱ ብቻ ይፈለጋል።

ደግሞስ ፍተሻው ምን ያህል ገንዘብ ይጠይቃል? ባለ 60 ዋት የድሮ አምፖል ከመስመሩና ከትራንስፎርመሩ መካከል በተርታ ይገባል፤ ጥምጥሞቹ ጤነኛ ከሆኑ አምፖሉ ይጨልማል ወይም ጭል ጭል ይላል፣ እርስ በርስ ከተነካኩ ቦግ ብሎ ይበራል። መዳብ በሞቀ ቁጥር ተቃውሞው በእያንዳንዱ ዲግሪ ወደ 0.4 በመቶ ስለሚጨምር፣ ጥምጥሙን በቅዝቃዜው ለክቶ፣ የታሰበውን ጅረት ለጥቂት ሰዓታት አስቦት፣ ስፒናውን ነቅሎ ወዲያው እንደገና መለካት ነው። ተቃውሞው 20 በመቶ ከጨመረ ውስጡ በ50 ዲግሪ ያህል ሞቋል። በእጅ ዳስሶ «ደህና ነው» ከማለት ይህ ምን ያህል እንደሚበልጥ አንባቢ ይፍረድ። ከመስመር ወገን ያለው ጥምጥም ከብረቱና ከሌላው ጥምጥም በትክክል መነጠሉን ለማረጋገጥ የመከለያ መለኪያ ያስፈልጋል፤ ይህን ጠጋኙ ባይኖረው እንኳ ከሚኖረው ባልደረባ ሊዋሰው ይችላል። የሚጎድለው ጊዜው ነው፤ ለጊዜውም ዋጋ የሚከፍል ገዢ።

ለዚህ አንዱ ምክንያት ከቀድሞ ጀምሮ ለእጅ ሙያ ያለን ንቀት ይመስለናል። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው በሀገራችን ለዘመናት ሲናቁና ሲገለሉ ኖረዋል። ሆኖም ከመኪና ባሌስትራ ማረሻና ቢላዋ ያወጡት፣ ያረጀ ጎማን ጫማ ያደረጉት እነርሱ ናቸው፤ በስንት ትምህርት ቤት ግቢ ተሰቅሎ ልጆችን የሚጠራው ደወልም የመኪና ቸርኬ ነው። ቸርኬው ደወል ሲሆን ማንም አይታለልም፤ ያው ቸርኬነቱ በዓይን ይታያል፣ ቢሰነጠቅም ድምፁ ይናገራል። ትራንስፎርመር ግን ነውሩን በወረቀትና በቫርኒሽ ሥር ይሸፍናል። የቀጥቃጩ ገዢ ቢላዋውን በአውራ ጣቱ ፈትኖ ይገዛል፤ የፓወር ሰፕላዩ ገዢ የሚፈትንበት ጣት የለውም። ስለዚህም ነው በድሮው ገበያ የገዢና የሻጭ ድርሻ የነበረው ጥንቃቄ እዚህ ሙሉ በሙሉ ወደ አንድ ወገን የሚያዘነብለው።

ለኪነት ባልደረቦቻችን አንድ ነገር ሳናነሣ ማለፍ አይገባንም። ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር በእጃቸው ከገባ ለትራንስፎርመሩ ብለው እንዳያፈርሱት። በውስጡ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ትራንስፎርመር አለ፤ ለድምፅ ማውጫው የተሠራው የኃይል ምንጭ ለመሆን የሚበቃ አይደለም፣ ዋናው ደግሞ ሦስት መቶና ከዚያ በላይ ቮልት የሚሰጥ ጥምጥም ስላለው ለአንድ ተራ ሣጥን የማይገባና ሰውን የሚገድል ነው። ኮንደንሰርና ቫልቭ ተለውጦለት እንደገና ሊዘፍን የሚችል መሣሪያ ለአንድ ባትሪ መሙያ ሲባል መታረዱ ይህን ጸሐፊ ያበሳጨዋል። መጠገን የሚችለው መጀመሪያ ይጠገን፤ መፈታት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ዘገባ እንዳመለከተው፣ በ2022 በዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ተጥሏል፤ በሥርዓት ተሰብስቦ እንደገና ጥቅም ላይ እንዲውል መደረጉ በሰነድ የተረጋገጠው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። ምናለሽ ተራን የመሳሰሉ ስፍራዎች የሚሠሩት ሥራ በዚህ ሰነድ ውስጥ አይገባም። ቢገባም እንኳ ዘገባው የሚቆጥረው ክብደትን ነው፤ ስለ ጠጋኙ አምፖልና ስለ ቴስተሩ የሚናገርበት ዓምድ የለውም።

ጠጋኙ ሠሪ ከሆነ ደግሞ ሰሌዳ ያስፈልገዋል። በሣጥኑ ጀርባ የምትለጠፍ አንዲት ወረቀት ትበቃለች፦ ትራንስፎርመሩ ከምን ዓይነት መሣሪያ እንደወጣ፣ የመስመሩ ቮልትና ኸርዝ፣ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ቮልትና አምፔር፣ ለስንት ሰዓት እንደተፈተነና ስንት ዲግሪ እንደሞቀ፣ የሙቀት ፊውዟ መኖር አለመኖሯ፣ የመስመር ፊውዙ ስንት አምፔር መሆን እንዳለበት፣ ፍተሻው የተደረገበት ቀንና የሠሪው ስም። ፊውዟ ተነሥታ ከሆነ «ተነሥታለች» ተብሎ ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ ገዢው ካለ ይገዛል፤ ከሌለም ያ ትራንስፎርመር ካቻቢቴው ባልነካው በሌላው ወገን፣ በሚዛኑ ላይ፣ በኪሎ ይሸጣል።